በጋዜጣ የተለበጠው መጽሐፍ

በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ በጋዜጣ የሚለበጡ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው የትምህርት ቤት ደብተር ነው፤ ሁለተኛው ታላቅ እኅቴ ማታ ማታ የምታነበው መጽሐፍ። ደብተሩ የሚለበጠው እንዳይቆሽሽ ነበር፤ መጽሐፉ ግን እንዳይታይ። ከጋዜጣው ሥር ያለው ሽፋን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቃቅፈው የሚታዩበት፣ ከመጽሐፍ አከራይ በሳንቲም የመጣ፣ ጠርዙ በብዙ ሰው ጣት የተበላ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። የቡናው ዕቃ ታጥቦ፣ እሳቱ ተዳፍኖ፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ እኅቴ መጽሐፏን ትገልጣለች። «ምንድን ነው የምታነቢው?» ስትባል መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ምንም አይደል፤ እንዲሁ ልብ ወለድ ነው።»

ከብዙ ዓመት በኋላ ይህንኑ መልስ በአንድ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት። ጄን ኦስተን በ1817 ዐርፋ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የታተመላት «ኖርታንገር አቢ» የተሰኘ ድርሰት አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኦስተን በዚያ መጽሐፍ ትረካዋን ድንገት አቋርጣ፣ ምን እንደምታነብ ስትጠየቅ ልብ ወለድ ብቻ ነው ብላ እያፈረች መጽሐፏን የምታስቀምጥ ወጣት ታሳየናለች፤ ከዚያም ለልብ ወለድና ለአንባቢዎቹ ጥብቅና ትቆማለች። እንግሊዛዊቷ ወጣትና እኅቴ በዘመንም በአገርም የማይገናኙ ናቸው። ታዲያ ሁለቱ አንድ ዓይነት ኀፍረት ለምን አፈሩ? የደበቁትስ ነገር ምን ነበር? ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ተከትሎ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይጓዛል።

ዛሬ የዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ቤተሰብ ሰፍቷል። በዘመናችን ከተሞች የሚኖሩ ፍቅረኞችን መኝታ ቤት ሳይሸሽግ የሚተርክ አለ። ደም መጣጩን ቫምፓየር፣ በጨረቃ ብርሃን ተኩላ የሚሆነውን ሰው፣ ጋኔኑንና ሙት መንፈሱን አፍቃሪ አድርጎ የሚያቀርብ አለ። «ጨለማ» የሚባለው ደግሞ አሳዳጁን፣ ጠላፊውን፣ ነፍሰ ገዳዩን የታሪኩ ባለ ፍቅር ያደርገዋል። ሦስቱንም የማነብ ሰው ነኝ፤ ይህን የምለው በኩራትም በንስሐም አይደለም። የማያነቧቸው ሰዎች አዲስ የዘመን ብልሽት ይመስሏቸዋል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም።

ነገሩን ከ1740 እንጀምር። የለንደኑ አሳታሚ ሳሙኤል ሪቻርድሰን «ፓሜላ» የተሰኘ መጽሐፍ አወጣ። ባለ ታሪኳ የዐሥራ አምስት ዓመት ገረድ ናት። ጌታዋ ያባብላታል፤ እንቢ ስትለው ጠልፎ ሩቅ ቤት ውስጥ ያስቆልፍባታል፤ ደብዳቤዋን ሰርቆ ያነባል። እርሷ ግን አትረታም። በመጨረሻ የሚረታው እርሱ ነው፤ የጻፈችውን አንብቦ ልቡ ይለወጥና በሕግ ያገባታል። መጽሐፉ በየቤቱ ገባ፤ በስብከት ተመሰገነ፤ በፌዝም ተደበደበ። ሄንሪ ፊልዲንግ በማግሥቱ ዓመት «ሻሜላ» በሚል ርእስ አላገጠበት። ልጅቷ በእርሱ ዐይን ንጹሕ ሳትሆን ባለጸጋ ባል ለማጥመድ የምታስመስል ብልጥ ናት።

ልብ በሉ፤ የዛሬው ጨለማ የፍቅር ልብ ወለድ አጥንቱ በሙሉ እዚህ አለ። ኀይለኛው ወንድ፣ መውጫ የሌለው ቤት፣ ያለ ፈቃድ የምትታይ ሴት፣ በመጨረሻም የሚንበረከክ ጌታ። የክርክሩም አጥንት አለ። ሪቻርድሰን ታሪኩ በጎነትን ያስተምራል አለ፤ ተቺው ደግሞ ምኞትን ያስተምራል አለ። በዚያ ዘመን የገረድ ሕይወት በጌታዋ እጅ ነበረ። ጌታዋ ቢደፍራት ከሥራዋ የምትባረረውም ስሟ የሚጠፋውም እርሷው ናት። እንግዲህ የመጽሐፉ ሕልም ጌታው የሚያምር መሆኑ ብቻ አልነበረም። እንደ ልቡ ሊያደርጋት ሥልጣን ያለው ሰው «እንቢ» የሚለውን ቃል የሚሰማበት ዓለም መኖሩም ነበረ እንጂ።

ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ ፍርሃቱ ወደ ግንብ ገባ። አን ራድክሊፍ በ1794 «የዩዶልፎ ምስጢሮች» የተባለውን ልብ ወለዷን አሳተመች፤ ለሥራዋም 500 ፓውንድ ተከፈላት፤ ይህም ለዚያ ዘመን ደራሲ፣ ይልቁንም ለሴት ደራሲ፣ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነበረ። ወላጆቿን ያጣችው ኤሚሊ የአክስቷ ባል በሆነው በሞንቶኒ እጅ ወድቃ በኢጣልያ ተራሮች ላይ ባለ ጨለማ ግንብ ትታሰራለች። ኮቴ ይሰማል፤ መጋረጃ ይንቀሳቀሳል፤ በር ከውጭ ይቆለፋል። በመጽሐፉ ፍጻሜ መናፍስት የመሰሉት ነገሮች ምክንያታቸው ይገለጣል፤ እውነተኛው አደጋ ግን ርስቷን ሊወስድባት የሚፈልገው ሕያው ሰው ሆኖ ይቀራል።

ራድክሊፍ ከሞተች በኋላ በ1826 በታተመ አንድ ጽሑፏ ሁለት ዓይነት ፍርሃት ለይታ ነበር። አንደኛው ነፍስን የሚያሰፋና የሚያነቃ ነው፤ ሌላው ነፍስን የሚያደርቅና የሚያከስም። የመጀመሪያው ገና ያልታየውን እንድንጠባበቅ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ዐይናችንን እንድንጨፍን። ስለ ዛሬዎቹ ጨለማ መጻሕፍት ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ይህ ክፍፍል ለእኔ ብዙ አስረድቶኛል። አንባቢዋ የምትሻው የመጀመሪያውን ፍርሃት ነው። ልቧ እየመታ ገጹን ትገልጣለች፤ የምትገልጠውም እጇ ስለሆነ ነው፤ መጽሐፉን የመዝጋት ሥልጣንም በዚያው እጅ ነው። በግንቡ ውስጥ ያለችው ኤሚሊ በሩን መክፈት አትችልም፤ አንባቢዋ ግን ትችላለች።

ኦስተን ይህን ደስታ ታውቀው ነበር። የ«ኖርታንገር አቢ»ዋ ካተሪን የራድክሊፍን መጽሐፍ አንብባ በእንግድነት የሄደችበትን ቤት ሁሉ በምስጢርና በግድያ ትሞላዋለች፤ ኋላም በራሷ ታፍራለች። ብዙዎች መጽሐፉን የፍቅርና የፍርሃት ልብ ወለድ አንባቢዎች መሳለቂያ አድርገው ይወስዱታል። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ይዘነጋሉ። አንደኛ፣ የታሪኩ አስተዋይ ወንድ ሄንሪ ቲልኒ ራሱ የራድክሊፍን መጻሕፍት በደስታ አንብቧቸዋል፤ አያፍርምም። ሁለተኛ፣ የቤቱ ጌታ ጄኔራል ነፍሰ ገዳይ ባይሆንም ካተሪን ሀብታም አለመሆኗን ሲሰማ ያለ ገንዘብና ያለ ሸኚ ከቤቱ የሚያባርር ጨካኝ ሆኖ ይገኛል። ልጅቷ ዝርዝሩን ተሳስታለች፤ ሰውየውን ግን አልተሳሳተችም። እንዲያ ያለውን ሰው መጠርጠር ያስተማራት ያ የተናቀው መጽሐፍ ነው።

ንቀቱ ከወንዶች ብቻ አልመጣም። ታላቋ ደራሲ ጆርጅ ኤሊየት በ1856 በሴት ደራሲያን ቂል ልብ ወለዶች ላይ የሰላ ሂስ ጽፋለች። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ ግን ሻርሎት ብሮንቴ በብዕር ስም «ጄን ኤር»ን አሳትማ ነበር። ጨለማ ቤት፣ ኀይለኛ ጌታ፣ ጣሪያ ሥር የተቆለፈች ሚስት ያሉበትን ያንኑ የተናቀ ታሪክ ወስዳ ከዓለም ታላላቅ መጻሕፍት ተርታ አሰለፈችው። ጄን የምትወደውን ሰው ጥላ ትሄዳለች፤ የምትመለሰውም በራሷ ገንዘብና በራሷ ፈቃድ ነው። ምክንያቱም ያለ እኩልነት ፍቅሩ ለእርሷ ሌላ እስር ቤት ይሆንባት ነበር።

አሁን ወደ 1908 እንሻገር። በዚያ ዓመት ጄራልድ ሚልስና ቻርልስ ቡን የተባሉ ሁለት ሰዎች በለንደን «ሚልስ ኤንድ ቡን» የተሰኘውን ማተሚያ አቋቋሙ፤ ድርጅቱም ኋላ በፍቅር ልብ ወለድ ስሙ የታወቀ ሆነ። በዚያው በ1908 አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በሮም ከተማ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን አሳተሙ፤ እኛም ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው፣ የአማርኛ ልብ ወለድ በኵር ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ የዓመቱ አጋጣሚ ብቻ ነው። ሆኖም ጦቢያን ከፓሜላ ጎን አቁመን ብናያት እንገረማለን። በወንድ ልብስ ተሰውራ በጦርነትና በባርነት መካከል የምታልፈዋን ቆንጆ አንድ አረማዊ ንጉሥ ይወዳታል፤ ኀያሉ ሰው በፍቅሯ ተረትቶ ሃይማኖቷን ይቀበላል፤ ታሪኩም በሠርግ ይፈጸማል። የእኛም ልብ ወለድ የተወለደው ኀይል በፍቅር ሕግ ሥር ሲገባ በማየት ደስታ ነው።

ይህ ደስታ ግን ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። እዚህ ላይ የራሴን ጭንቀት መናገር አለብኝ። ኢ. ኤም. ሀል የተባለች እንግሊዛዊት በ1919 «ሼኩ»ን ጻፈች። ኩሩዋ ዲያና ማዮ በአልጄሪያ በረሃ ስትጓዝ አሕመድ ቤን ሐሰን ጠልፎ ይደፍራታል፤ ቆይታም ትወደዋለች። መጽሐፉ እጅግ ተሸጠ፤ በ1921ም ሩዶልፍ ቫለንቲኖ የሚተውንበት ፊልም ሆነ። ሳነበው ገጹ ይስበኝ ነበር፤ አልዋሽም። መጨረሻው ላይ ግን ሼኩ ዐረብ አለመሆኑ፣ አባቱ እንግሊዛዊ መኳንንት እናቱም ስፓኛዊት መሆናቸው ይገለጣል። እስከዚያች ገጽ ድረስ የተፈራውና የተመኘው ሰው አፍሪካዊ ነበር፤ ለጋብቻ የሚበቃው ግን አውሮፓዊ ሲሆን ብቻ ነው። መጽሐፉን ከፍቼ የገባሁበት በር እኔን የመሰለውን ሰው ወደ ውጭ የሚገፋ በር ነበረ። ደስታዬ ውሸት ነበር አልልም፤ ዋጋ እንዳለው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐውቄአለሁ።

በአሜሪካም ይኸው ጥያቄ ተነሣ። ካትሊን ውዲዊስ በ1972 «ነበልባሉና አበባው» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ረጅም መጽሐፍ በኤቨን ማተሚያ ቤት አወጣች። የመኝታ ቤቱን በር ለአንባቢ ከፈተች፤ በዚህም ለዛሬዎቹ ገላጭ መጻሕፍት መንገድ ጠረገች። ነገር ግን ታሪኩ የሚጀምረው ባለ ፍቅሩ ባለ ታሪኳን በመድፈሩ ነው። ተከትለው የመጡ በርካታ መጻሕፍትም ያንኑ ደገሙ። ለምን ተነበቡ? ከሚሰጡት መልሶች አንዱ፣ ሴት ልጅ ምኞቷን በአፏ መናገር ነውር በነበረበት ጊዜ፣ ያልመረጠችው ነገር ሲደርስባት ኀጢአቱ ከእርሷ ላይ ይነሣ ነበር የሚል ነው። ልብ ወለዱ ለምኞቷ መጠለያ ሰጣት፤ የመጠለያው ምሰሶ ግን ግፍ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢዎቹ ምን አሉ ብሎ የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም። ተመራማሪዋ ጃኒስ ራድዌይ ጠየቀች። በ1984 ባሳተመችው ጥናቷ በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ባለች አንዲት ከተማ ከሚኖሩ 42 የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢ ሴቶች የሰማችውን አቀረበች። ሴቶቹ መጽሐፍን ሁሉ እንዲሁ የሚውጡ አልነበሩም። ጭካኔ የበዛበትን፣ ወንዱ ሳይለወጥ የሚሸለምበትን ይጠሉ ነበር፤ አንዳንዶቹም መጽሐፉን ከመግዛታቸው በፊት መጨረሻውን ገልጠው ያዩ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ስለ ጊዜ ተናገሩ። ቀኑን ሙሉ ባልን፣ ልጅን፣ ቤትን ሲያገለግሉ የሚውሉ ናቸው። መጽሐፉን ሲገልጡ «አሁን ለእናንተ የለሁም» ማለታቸው ነበር። ራድዌይ ይህን ስታደንቅ ሥጋቷንም አልደበቀችም፤ በመጽሐፍ የተጽናናች ሴት ቤቷን ለመለወጥ አትነሣ ይሆን? ይህ ጥያቄ ዛሬም መልሱ አልተዘጋም።

ይህን ሳነብ የቡናው ዕቃ ታጥቦ ካለቀ በኋላ መጽሐፏን የምትገልጠዋ እኅቴ ትዝ አለችኝ። የደበቀችው ሽፋኑን ብቻ አልነበረም። ማንንም የማታገለግልበትን አንድ ሰዓትም ደብቃ ነበር።

አንባቢዎች ዝም ብለውም አልቀሩም፤ ብዙዎቹ ደራሲ ሆኑ፤ አርታዒዎችም ከእነርሱ ጋር ተነሡ። ጥቁር አሜሪካዊቷ አርታዒ ቪቪያን ስቲቨንስ በ1980 ኤልሲ ዋሽንግተን በብዕር ስም የጻፈችውን፣ በጥቁር ደራሲ ስለ ጥቁር ፍቅረኞች ከተጻፉት የዘመኑ የፍቅር ልብ ወለዶች የመጀመሪያው የሚባለውን መጽሐፍ አሳተመች። «ሼኩ» የዘጋው በር በሌላ በኩል መከፈት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርታት በዘመናዊው የፍቅር ልብ ወለድ ውስጥ ባለ ታሪኳ ትጠየቃለች፤ ትመልሳለች፤ ምኞቷንም በአፏ ትናገራለች። ይህን ለውጥ ያመጣው የተቺዎች ሳቅ አይደለም። ዘርፉን ከውስጥ ሆነው የሚወዱት ሰዎች ተጨቃጭቀው ያመጡት ነው።

ስለ ቫምፓየሩስ? ከጆን ፖሊዶሪ የ1819 ታሪክ እስከ ብራም ስቶከር የ1897 «ድራኩላ» ድረስ ደም መጣጩ ሊገደል የሚገባው ነበር። በ1976 አን ራይስ ራሱ ቫምፓየሩን አፍ አውጥቶ እንዲናገር አደረገችው። በ2005 የስቴፈኒ ሜየር «ትዋይላይት» ሲወጣ ደግሞ ጥማቱን በየደቂቃው የሚገታ አፍቃሪ ሆነ። ከእርሱም የአንባቢዎች ድርሰት ሆኖ የተጀመረው የኢ. ኤል. ጄምስ ታሪክ በ2011 «ፊፍቲ ሼድስ» በሚል ርእስ መጽሐፍ ሆኖ በጥቂት ዓመታት ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በእኛ ተረት ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው አለ፤ ቡዳ እንለዋለን። እርሱን የሚያፈቅር ባለ ታሪክ ግን ተረታችን አያውቅም። ስሙም በተረት ብቻ አልቀረም፤ በብረት ሠሪውና በሸክላ ሠሪዋ ላይ እየተለጠፈ ከማኅበርና ከጋብቻ ሲያርቃቸው ኖሯል። አውሬ የተባለው ሰው በእውነት አውሬ ነውን ብሎ የሚጠይቅ የፍቅር ታሪክ እንግዲህ ከንቱ ጨዋታ ብቻ አይመስለኝም።

የዛሬው ጨለማ ልብ ወለድ ግን እንደገና ወደ ግንቡ ወርዷል። በ2021 የታተመውና በሰፊው የተነበበው የኤች. ዲ. ካርልተን «ሃውንቲንግ አደሊን» ባለ ፍቅሩን አሳዳጅ ያደርገዋል። አንድ ልዩነት ግን አለ። በዚህ ዘርፍ በርካታ መጻሕፍት ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት ውስጣቸው ያለውን ግፍ ዘርዝረው አንባቢን ያስጠነቅቃሉ። በ1972 ግፉ ፍቅር ተብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ይቀርብ ነበር፤ አሁን ግፍ መሆኑ በስሙ ተጠርቶ «ትገቢያለሽ ወይስ ትመለሻለሽ?» ይባላል። በመጽሐፉ ውስጥ ያልተጠየቀው ፈቃድ በደጃፉ ላይ ይጠየቃል። ይህ ሁሉን ነገር ያጸድቃል አልልም፤ ለጋ ልጅ እጅ ቢገባ የምሰጋባቸው መጻሕፍት አሉ፤ እኔም ግማሽ ደርሼ የዘጋኋቸው አሉ። መዝጋቱም ከንባቡ ክፍል ነው።

በእኛ ዘንድ ታላቁ የፍቅር መጽሐፍ በእኛ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ርእሱ ቃል የገባውን ይፈጽማል፤ በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሚገናኙት በመቃብር ነው። አለቀስንበት፤ ማልቀሳችንም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ፍቅር የሚከበረው ሲሞት ብቻ ነው የሚል ልማድ ያደረብን ይመስለኛል። እንባ ያፈሰሰችውን አንባቢ እናከብራታለን፤ ፈገግ ብላ መጽሐፏን የዘጋችውን «ጊዜዋን አባከነች» እንላለን። የፍቅር ልብ ወለድ ግን ውሉ በሕይወት መጨረስ ነው። አንባቢዋ ወደ ጨለማው ግንብ የምትወርደው በደኅና እንደምትወጣ አስቀድማ ስለምታውቅ ነው። ይህን ማወቋ ታሪኩን አያረክሰውም፤ ፍርሃቷን ለማየት ድፍረት ይሰጣታል እንጂ። ውጭ ባለው ዓለም እንዲህ ያለ ዋስትና የሚሰጣት የለምና።

ጊዜ ማባከን ከተባለ አንድ ነገር ላስታውስ። ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በእስር ሳሉ የማርጋሬት ሚቼልን የ1936 ልብ ወለድ በሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ላይ እየጻፉ ወደ አማርኛ መለሱት፤ ወረቀቱም ከእስር ቤት ወጥቶ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ያ መጽሐፍ በደስታ የሚያልቅ አይደለም፤ ባርነትንም በሚያሳፍር ለዛ የሚያሳይ ነው። ሆኖም ነገ መኖሩ ባልታወቀበት ስፍራ የፍቅርና የምኞት ታሪክ በቁራጭ ወረቀት ላይ እየተጻፈ ተጠበቀ።

እኅቴ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፤ የልጆች እናትም ሆናለች። የምታነበው በስልኳ ነው፤ ስልክ ደግሞ ሽፋን የለውም፤ በጋዜጣ መለበጥም አያስፈልገውም። በቅርቡ ቤቷ ሄጄ ከቡና በኋላ ጥግ ይዛ ስታነብ አገኘኋትና እንደ ድሮው «ምንድን ነው የምታነቢው?» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና የመጽሐፉን ርእስ ነገረችኝ፤ ቫምፓየሩ ልጅቷን ሊነክሳት ፈልጎ ፈቃዷን እየጠየቃት መሆኑንም ነገረችኝ። ከዚያ «አሁን አታስቸግሪኝ፤ ምዕራፉን ልጨርስ» አለችና ወደ ንባቧ ተመለሰች። ሲኒዎቹን እኔ አጠብኋቸው።